ዋልተር ሞንዴል በሚኒሶታ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነቱ፦ የማን ጠበቃ ነበር?

ከሲዳር ሪቨርሳይድ (የውይይቱን ክር የከፈተ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በሚኒያፖሊስ ከተማ ሲዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከቤታችን ወጣ ስንል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ቅርባችን ነው፤ ሕንፃው የተሰየመው በዋልተር ሞንዴል ስም ነው። ሰውየውን የምናውቀው፣ የምናውቀው ካለን፣ የፕሬዚዳንት ካርተር ምክትል እንደነበረና በ1984 ከሬገን ጋር ተወዳድሮ ከሃምሳዎቹ ግዛቶች የገዛ ግዛቱን ብቻ ይዞ እንደቀረ ነው። እኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። በተከሳሽና መንግሥት ባቆመለት ጠበቃ መካከል ቆሜ ቃል ሳቀባብል ስለምውል፣ ከዚህ ሰው ሕይወት የሚስበኝ ብዙም የማይወራለት ክፍል ነው፤ ይኸውም ከሜይ 1960 እስከ 1964 መጨረሻ የሚኒሶታ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሆኖ የሠራበት ጊዜ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም ብትከተሉኝ አንምታታም።)

ሞንዴል የተወለደው በጃንዋሪ 5 ቀን 1928 በደቡብ ሚኒሶታ፣ ሲሎን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፣ እናቱ ሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ፤ የአባቱ ዘር ከኖርዌይ የመጣ ነው። ሰባኪ ከደብር ወደ ደብር ስለሚዛወር ቤተሰቡም አብሮ ይዞር ነበር፤ ልጁ ነፍስ ያወቀው ኤልሞር በምትባል ሌላ የገጠር ከተማ ነው። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1951 ቢያገኝም ለሕግ ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው በኮሪያ ጦርነት ዘመን በውትድርና ተቀጥሮ ኬንታኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ በተባለው ሰፈር ሁለት ዓመት አገለገለ፤ ከዚያም ለተመላሽ ወታደሮች በተሰጠው የትምህርት ድጋፍ ሕግ አጥንቶ በ1956 ተመረቀ። ልብ በሉ፣ ከተመረቀ ገና አራት ዓመት ሲሆነው፣ በ32 ዓመቱ፣ የግዛቱ ከፍተኛ የሕግ ሹም ሆነ። መንገዱን የከፈተለት ፖለቲካ ነው። ተማሪ ሳለ ለሚኒሶታው ፖለቲከኛ ለሂዩበርት ሃምፍሪ የምርጫ ዘመቻ ደፋ ቀና ይል ነበር፤ በ1958 ደግሞ የአገረ ገዥው የኦርቪል ፍሪማንን ዘመቻ መርቷል። ስለዚህ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ማይልስ ሎርድ በ1960 ሥልጣኑን ሲለቅ ፍሪማን በቦታው ሞንዴልን ሾመ።

አሁን ክሩን ወደ ከፈትኩበት ጉዳይ ልምጣ። በ1961 ክላረንስ ጌዴዎን የተባለ ድኻ ሰው ፍሎሪዳ ውስጥ በፓናማ ሲቲ አካባቢ አንድ የፑል ማጫወቻ ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ እንዲቆምለት ቢጠይቅም ዳኛው የግዛቲቱ ሕግ ጠበቃ የሚያቆመው የሞት ቅጣት ለሚያስከትል ክስ ብቻ ነው ብለው ከለከሉት፤ ራሱ ተከራክሮ ተፈረደበት፣ አምስት ዓመትም ተወሰነበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈውን አቤቱታ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀበለው። የፍሎሪዳን ወገን ይዞ እንዲከራከር የተመደበው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ብሩስ ጄከብ የተባለ ረዳት ዓቃቤ ሕግ ነበር፤ እርሱም ለሌሎቹ ግዛቶች ጠቅላይ ዓቃቤያነ ሕግ ሁሉ ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍርድ ቤቱ በግዛቶች የውስጥ ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ ከፍሎሪዳ ጎን ቁሙልን ሲል ጠየቀ። ደብዳቤው ሚኒሶታ ሲደርስ ሞንዴል እሺ አላለም። ከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ሁሉ፣ ገንዘብ ኖረውም አልኖረው፣ ጠበቃ ሊኖረው ይገባል ብሎ እንደሚያምን ገልጾ መለሰ፤ የመልሱንም ግልባጭ ለማሳቹሴትስ አቻው ለኤድዋርድ ማኮርማክ ላከ። ከዚህ የተነሣ ከ20 የሚበልጡ ግዛቶች የጌዴዎንን ወገን ደግፈው ለፍርድ ቤቱ የጽሑፍ አስተያየት አቀረቡ። ፍሎሪዳን ደግፈው የቆሙት አላባማና ሰሜን ካሮላይና ብቻ ነበሩ።

ዓቃቤ ሕግ ከተከሳሽ ጎን ቆሞ መከራከሩን እንዴት ታዩታላችሁ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።


ጠያቂ ከዳላስ

ወንድሜ፣ ስለ ጽሑፍህ አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄህ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን የግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ማለት የሌቦችና የነፍሰ ገዳዮች ከሳሾች አለቃ እየመሰለኝ ነው ድምፅ የምሰጠው። አንተ ስትጽፍ ደግሞ ሌላ ሥራ ያለው ይመስላል። በትክክል ሥራው ምንድን ነው?


የቀድሞው ተከላካይ

ጠያቂያችን ያነሡት ነጥብ መሠረታዊ ስለሆነ ላስረዳ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የዕለት ተዕለት የወንጀል ክስ የሚመሠርተው በየካውንቲው (ከግዛት በታች ባለው የአስተዳደር ክፍል) የሚመረጠው ዓቃቤ ሕግ ነው። ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ በዋነኛነት የግዛቱ መንግሥት ጠበቃ ነው፦ የመሥሪያ ቤቶቹ አማካሪ ይሆናል፣ ግዛቱ ሲከሰስ ይከላከላል፣ ሸማቾችን ያጭበረበሩ ኩባንያዎችን ይከሳል፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ይቆጣጠራል። በሚኒሶታ በወንጀል ጉዳይ የሚገባው በካውንቲው ዓቃቤ ሕግ ጥያቄ ወይም አገረ ገዥው በጽሑፍ ሲጠይቀው ነው። የሚበዙት፣ 43ቱ ግዛቶች፣ ሹሙን በሕዝብ ድምፅ ይመርጣሉ፤ በአምስቱ አገረ ገዥው ይሾመዋል፤ በሜይን ምክር ቤቱ፣ በቴኔሲ ደግሞ ምንም እንኳ እንግዳ ቢመስል የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው የሚሾመው።

በሕዝብ መመረጡ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በእኛ አገር የፌዴራል ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ኃላፊ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾም ነበር (ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር በመጻፌ የክሩ ባለቤት ይቅር ይበሉኝ)፤ ኋላም ሥራው ተጠቃልሎ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሹም ከበላዩ ካለው ባለሥልጣን ቢለይ ወንበሩን ያጣል። የሚኒሶታው ሹም ግን አገረ ገዥው ቢቆጣ እንኳ የሚያወርደው መራጩ ነው።


ከቴል አቪቭ አንባቢ

አጭር ማነጻጸሪያ ልጨምር። እዚህ እስራኤል የመንግሥቱ የሕግ አማካሪ የምንለው ሹም በአንድ ራሱ ሁለቱንም ይይዛል፤ መንግሥትን ይመክራል፣ የዓቃቤ ሕግ ተቋሙም የበላይ ነው። የሚሾመው መንግሥት ነው፤ ሆኖም ሚኒስትሮችን ራሳቸውን እስከ መክሰስ ይደርሳል፤ በዚህም ሳቢያ በአገሩ ያለው ንትርክ ማብቂያ የለውም። ስለዚህ ነጻነት ከመመረጥ ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም፤ የተሾመም ሰው ሊደፍር ይችላል።


ባለ ሚዛኑ

የክሩ ባለቤት ትረካ ያምራል፤ ነገር ግን ሰውየውን ከልኩ በላይ ከፍ ያደረገ መሰለኝ። ሦስት ነገር ልቃወም።

የመጀመሪያው፣ የጌዴዎን ጉዳይ በቀረበበት ጊዜ ሚኒሶታ ለድኻ ተከሳሽ በከባድ ወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ታቆም ነበር። አብዛኞቹ ግዛቶችም እንደዚያው። እንግዲህ ሞንዴል የፈረመው ጽሑፍ ለግዛቱ ግምጃ ቤት አንዲት ሳንቲም ያላስከፈለ፣ ለራሱም ድምፅ ያላሳጣ ነው። በሌላው አገር ወጪ ቸር መሆን ቀላል ነው። ደፋር የምንለው አላባማ ውስጥ ሆኖ እንዲያ የጻፈ ቢኖር ነበር።

ሁለተኛው፣ ጠበቃ ደንበኛውን መምረጥ የለበትም። ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የግዛቲቱን ሕግ ይከላከል ዘንድ ተመርጦ፣ ሲመቸው እኔ በግሌ የማምነው ሌላ ነው የሚል ከሆነ፣ ነገ ተቃራኒ እምነት ያለው ተመራጭ የሚጠሉትን ሕግ አልከላከልም ሲል ምን ልንል ነው? ዛሬ በየግዛቱ የምናየው ይኸው አይደለምን? አንዱ ፓርቲ ዋይት ሐውስ ሲገባ የሌላው ፓርቲ ጠቅላይ ዓቃቤያነ ሕግ ተሰልፈው ይከሳሉ፤ ምርጫው ሲገለበጥ ሰልፉም ይገለበጣል።

ሦስተኛው፣ ሰውየው ያን ወንበር መወጣጫ ነው ያደረገው። የእነዚህ ሹማምንት ብሔራዊ ማኅበር፣ የአገረ ገዥነት ተመኚዎች ማኅበር ነው እየተባለ የሚቀለድበት በከንቱ አይደለም። ሞንዴልም ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው ወደ ሴኔት ገባ።


የሴንት ፖሏ ነርስ

ባለ ሚዛኑ ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ነጥብዎን የሕግ ሰዎች ይመልሱ። እኔ ከሆስፒታል ወገን የማውቀውን ልናገር፤ ምክንያቱም የሞንዴል ስም እዚህ አገር በመጀመሪያ የተሰማው በጌዴዎን አይደለም።

ኤልሳቤጥ ኬኒ የተባለች አውስትራሊያዊት ነርስ ነበረች። በፖሊዮ የተያዙ ልጆችን እግር በጄሶ አስሮ ማቆየት የተለመደ በነበረበት ዘመን፣ በሙቅ ጨርቅ እየጠቀለሉ ጡንቻውን ማንቀሳቀስ ይሻላል ብላ ተነሣች፤ ሐኪሞቹ ቢስቁባትም በ1940 ወደ ሚኒያፖሊስ መጥታ አሳመነቻቸው፤ በ1942ም በስሟ ተቋም ተከፈተላት። እኛ በማገገሚያ ክፍል የምንሠራ ሁሉ ዛሬም የዚህችን ሴት ውርስ ይዘን ነው የምንውለው። እርሷ በ1952 ካረፈች በኋላ በስሟ የቆመው ድርጅት በመላው አሜሪካ በፖሊዮ ለተጎዱ ልጆች እየተባለ በፖስታ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ሞንዴል ቢሮው በገባ በመጀመሪያው ዓመት የወጣው ምርመራ፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ብዙው ልጆቹ ዘንድ ሳይደርስ ለገንዘብ አሰባሳቢዎቹና ለአለቆቹ መዋሉን አጋለጠ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ተራ ሰው አልነበረም፤ ማርቪን ክላይን የቀድሞ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ነው። በመጨረሻም ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት።

ይህንን ጉዳይ እንዲሁ ቀላል አድርገው አይዩት። ቅድስት የምትመስል ሴት ስም ያለበትን፣ የታወቁ የፊልም ተዋንያን የሚያስተዋውቁትን፣ የከተማው ትልልቅ ሰዎች በቦርድ የተቀመጡበትን ድርጅት መንካት ለአንድ የ32 ዓመት ተሿሚ፣ ያውም ምርጫ ከፊቱ ለተደቀነበት ሰው፣ አደጋ ነበረው። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተወዳድሮ በሕዝብ ድምፅ ተመረጠ፤ በ1962ም ደገመ። እኔ በበኩሌ ከጌዴዎኑ ደብዳቤ ይልቅ በዚህ አደንቀዋለሁ፤ ድኻ ከመቀነቱ ፈትቶ ለታመመ ልጅ የሰጠውን ገንዘብ የሚበላ ሰው ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ።


የቀድሞው ተከላካይ

እህታችን ያቀረቡት ዝርዝር ለእኔም አዲስ ነው። ለባለ ሚዛኑ ግን በሁለት በኩል መልስ አለኝ።

ስለ ጌዴዎን ጉዳይ ሲነገር የሚረሳው የፍሎሪዳ መከራከሪያ ምን እንደነበረ ነው። በ1942 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቤትስ በብሬዲ ላይ ባቀረበው ክርክር፣ ከሞት ቅጣት በመለስ ጠበቃ የማቆም ግዴታ እንደየጉዳዩ ይታያል ብሎ ወስኖ ነበር። ፍሎሪዳም ያለችው፣ ይህ የግዛቶች መብት ነው፣ ፌዴራሉ ከላይ አይጫንብን ነው። መብቱ የግዛቶች ከሆነ ታዲያ ባለ መብቶቹ ራሳቸው፣ ከ20 የበለጡ ሆነው፣ ያ ውሳኔ ይሻር ዘንድ እንለምናለን ብለው ሲመጡ ክርክሩ ከሥሩ ተመታ። ሞንዴል ገንዘብ አላወጣም ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ያቀረበው ሌላ ሰው ሊያቀርበው የማይችለውን ነገር ነው፤ የአንድ ግዛት ፊርማ። ለጌዴዎን የቆሙት ጠበቃ ኤብ ፎርታስ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆኑ ይህን ከኪሳቸው ሊያወጡት አይችሉም ነበር። በማርች 18 ቀን 1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ ውሳኔውን የጻፉትም በ1942 በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ሁጎ ብላክ ነበሩ። ሃያ አንድ ዓመት ጠብቀው የራሳቸውን የተረታ ሐሳብ ሕግ አደረጉት።

ሁለተኛው ነጥብ ከበድ ይላል፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ሞንዴል የራሱን ግዛት ሕግ አልከላከልም አላለም። የሌላ ግዛት ባልደረባ እርዳኝ ባለው ጊዜ የራሱን ግዛት ልምድ ይዞ ነው የመለሰው፤ የሚኒሶታ ሕግ ለድኻው ጠበቃ ይቁም የሚል ነበርና። ስለዚህ ደንበኛውን ከዳ አይባልም። ዛሬ በፓርቲ ተሰልፎ ስለ መካሰስ ያነሡት ግን እኔንም ያሳስበኛል።

ስለ ብሩስ ጄከብም አንድ ቃል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ተሸናፊ ነው። ያቺን ደብዳቤ ባይልክ ኖሮ ተቃዋሚዎቹ አይነሡበትም ነበር፤ የተኛ ጅብ ቀስቅሶ እንደሚባለው ሆነበት። ሆኖም ኋላ የሕግ መምህር ሆኖ ለእስረኞች ነጻ የሕግ እርዳታ በማቋቋም ደክሟል፤ የስቴትሰን የሕግ ትምህርት ቤት ዲንም ነበር።


ከሲዳር ሪቨርሳይድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ሚዛኑ ወንበሩን መወጣጫ አድርጎታል ያሉትን እኔም አልክድም፤ እንዲያውም ራሴ ሳልጽፈው የቀረሁትንና ሰውየውን የሚያስወቅሰውን ነገር ላምጣ።

በኦገስት 1964 ዴሞክራቶች በአትላንቲክ ሲቲ ጉባኤያቸውን ሲያደርጉ ከሚሲሲፒ ሁለት ልዑካን መጡ። አንደኛው በነጮች ብቻ የተመረጠው መደበኛው ልዑክ ነው። ሁለተኛው የሚሲሲፒ ነጻነት ዴሞክራቲክ ፓርቲ ይባላል፤ ድምፅ እንዳይሰጡ የታገዱት ጥቁሮች ራሳቸው ያቋቋሙት ነበር፤ ፋኒ ሉ ሄመር የምትባለው የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ድምፅ ለመስጠት በመመዝገቧ የደረሰባትን ድብደባ በቴሌቪዥን ፊት ቆማ ተናገረች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የደቡብ ነጮች ጥለውት እንዳይሄዱ ይፈራ ነበር። ነገሩን እንዲያስታርቅ የተቋቋመውን ንዑስ ኮሚቴ የመራው የሚኒሶታው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሞንዴል ነው። ያቀረበው ማስታረቂያ ለነጻነት ፓርቲው ሁለት ወንበር ብቻ የሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን በዘር የሚያገል ልዑክ ፈጽሞ እንዳይገባ የሚከለክል ነበር። ሄመርና ባልደረቦቿ እምቢ አሉ፤ ከነጮቹም የሚበዙት ጥለው ወጡ። በዚያው ጉባኤ ሃምፍሪ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ታጨ፤ ምርጫውን ሲያሸንፉም የለቀቀውን የሴኔት ወንበር አገረ ገዥው ካርል ሮልቫግ ለሞንዴል ሰጠው። ያኔ ገና 36 ዓመቱ ነበር።

እነሆ እንግዲህ ያው ሰው ነው። በ1962 ለአንድ እስረኛ ሙሉውን መብት ካልሆነ አለ፤ በ1964 ለተገፋ ሕዝብ ግማሹን ተቀበሉ አለ። ልዩነቱን ብዙ አስቤበታለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሕግን ብቻ እያየ መለሰ፤ በሁለተኛው ከበላዩ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ጆንሰንና ሃምፍሪ፣ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ለእውነት ሲባል ግን የማስታረቂያው ሁለተኛ ክፍል በወረቀት ላይ አልቀረም፤ በ1968ቱ ጉባኤ የሚሲሲፒ የነጮች ልዑክ ቦታውን ተነፍጎ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ሞንዴል ከማሳቹሴትሱ ሴናተር ከኤድዋርድ ብሩክ ጋር ሆኖ በቤት ኪራይና ሽያጭ የዘር አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ በሴኔት አሳለፈ። ብሩክም የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የነበረ፣ ማኮርማክን ተክቶ የገባ ጥቁር ሪፐብሊካን ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከአንድ ወንበር የመጡ ናቸው ማለት ነው። ዛሬ በሚኒያፖሊስም በዳላስም አከራይ ቆዳችንን ወይም የመጣንበትን አገር አይቶ በሩን ቢዘጋብን የምንከስበት ሕግ ይኸው ነው።


ባለ ሚዛኑ

ይህንን ራስህ ማንሣትህን አከብራለሁ፤ ትችቴንም በከፊል አነሣለሁ። ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከሞንዴል በኋላ ያ ወንበር ምን ሆነ? የአንድ ሰው ጠባይ ነበር ወይስ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ?


የሴንት ፖሏ ነርስ

የሂዩበርት ሃምፍሪ ልጅ፣ ሦስተኛው ሂዩበርት ሃምፍሪ፣ ከ1983 እስከ 1999 መጀመሪያ በዚያ ወንበር ተቀምጦ ነበር። በኦገስት 1994 የሲጋራ ኩባንያዎችን ከሰሰ። ክሱ በሸማቾች ጥበቃና በማጭበርበር ሕግ ላይ የቆመ ስለነበር፣ አጫሹ ራሱ ፈቅዶ ነው የሚለው የኩባንያዎቹ የተለመደ መልስ አላዋጣም። በ1998 ሴንት ፖል ውስጥ ወራት የፈጀ ችሎት ተደርጎ፣ ጉዳዩ ወደ ዳኝነት ሰጪዎቹ (ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ ወደሚሰጡት፣ ጁሪ ወደሚባሉት) ሊመራ ሲል በሜይ 8 በስምምነት አለቀ፤ ኩባንያዎቹ ለግዛቲቱ በ25 ዓመት ውስጥ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍሉ ተስማሙ። ከገንዘቡ ይበልጥ ዋጋ ያለው በሚሊዮን የሚቆጠር ገጽ የኩባንያዎቹ ምሥጢራዊ ሰነድ ለሕዝብ መከፈቱ ነው። ሰውየው በዚያው ዓመት ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው የቀድሞ የነጻ ትግል ተጫዋች ጄሲ ቬንቹራ ነበር። እንግዲህ ወንበሩ ሁልጊዜ መወጣጫ አይሆንም፣ ወንድሜ።


ጠያቂ ከዳላስ

አሁን ያለው ኪት ኤሊሰንስ? የጆርጅ ፍሎይድን ጉዳይ የያዘው እርሱ አልነበረም?


ከሲዳር ሪቨርሳይድ

አዎን፣ እርሱ ነው፤ የቀድሞው ተከላካይ ከላይ ያስረዱት ሥርዓት በተግባር የታየበት ጉዳይም ነው። ፍሎይድ በሜይ 25 ቀን 2020 ከተገደለ በኋላ ክሱ በሄነፒን ካውንቲ ዓቃቤ ሕግ እጅ ነበር፤ አገረ ገዥው ቲም ዋልዝ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መሪነቱን ለኤሊሰን ሰጠ። እርሱም ክሱን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ግድያ ከፍ አድርጎ ሌሎቹንም ሦስት ፖሊሶች ጨመረ። ኤሊሰን በወጣትነቱ በሚኒያፖሊስ ለድኾች ተከሳሾች የሚቆም ድርጅት የመራ ተከላካይ ጠበቃ ነበር፤ ፖሊስን ለመክሰስ የተከላካይን ዘዴ ማወቅ ሳይረዳው አልቀረም። እዚህ ከተማ የነበርን ሁሉ ሱቆች በጣውላ የታሸጉባቸውን እነዚያን ሳምንታት አንረሳቸውም። ሞንዴል በ93 ዓመቱ በሚኒያፖሊስ ያረፈው በኤፕሪል 19 ቀን 2021 ነው፤ በማግስቱ በዚያው ከተማ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስ ዴሬክ ሾቪን በቀረቡበት ሦስት ክሶች ሁሉ ጥፋተኛ ተባለ። ያን ዕለት ሁሉም ጆሮ ወደ ፍርድ ቤቱ ስለነበር የሽማግሌው ሞት በሰፈራችን ብዙም ሳይወራ አለፈ።


ጠያቂ ከዳላስ

ብዙ ተማርኩ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመሄድ ስነሣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ጌዴዎን የተባለው ሰው መጨረሻው ምን ሆነ? ጠበቃ ቆመለት ተብሎ ነጻ ይወጣል ማለት አይደለምና። ወንጀሉን ሠርቶ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ምን ለወጠ?


የቀድሞው ተከላካይ

ጠያቂ ወንድሜ፣ እኔም በአገሬ በተከላካይ ጠበቃነት ስሠራ ደንበኞቼ ራሳቸው ይጠይቁኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቆምለታል ይላል። ተከሳሹ ግን መዝገቡን ከተከመረው ክምር መካከል ሳወጣ እያየ፣ አንተ ኖርህ አልኖርህ ምን ይለወጣል ይለኝ ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሲሽረው ጌዴዎን ነጻ አልተለቀቀም፤ እንደገና እንዲዳኝ ተመለሰ። በኦገስት 5 ቀን 1963 በዚያው በፓናማ ሲቲ፣ በዚያው ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ማስረጃውም ያው ነበር። የተለወጠው ፍሬድ ተርነር የተባለ የአገሩ ጠበቃ ከጎኑ መቀመጡ ብቻ ነው። ተርነር ቀድሞ ሰፈሩን ዞሮ ሰው ሲጠይቅ ሰንብቷል። ጌዴዎንን ፑል ቤቱ ውስጥ አየሁት ያለውን ዋና ምስክር፣ ገና ሳይነጋ አንተ ራስህ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ ነበር፣ ሌባ ካየህስ ፖሊስ ለምን አልጠራህም እያለ አፋጠጠው። ቀጥሎ ጌዴዎንን በዚያ ሌሊት ያሳፈረው የታክሲ ሹፌር ተነሣ፤ እኔን እንዳሳፈርከኝ ለማንም አትናገር ብሎኛል ሲል መሰከረ። ይህ ለዳኝነት ሰጪዎቹ የጥፋተኛ ቃል ነው የሚመስለው። ተርነር ግን ሹፌሩን፣ ከዚህ በፊትስ እንዲህ ብሎህ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎን፣ አለ ሹፌሩ። ለምን ነበር? ሹፌሩም ሰውየው ከሚስቱ ጋር ጠብ ስለነበረበት ነው የሚመስለኝ ብሎ መለሰ።

ዳኝነት ሰጪዎቹ ወጥተው መከሩ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ተመለሱና ጥፋተኛ አይደለም አሉ።